ውርጭ የያዘው የመኪና መስታወት፦ በስንት ጥፋት የተማርኩት

እንዴት ናችሁ፣ ይሄን የምጽፈው ዘንድሮ ብርድ ሀገር አዲስ ለገባችሁና መኪናችሁን ውጪ ለምታሳድሩ ነው። ጋራዥ ያላችሁ እለፉት፣ እናንተማ ምን ጎደላችሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት በቅርብ የመጣች ልጅ እኛ ህንጻ ፓርኪንግ ላይ ጠዋት በጨለማ መስታወቷን በባንክ ካርድ ስትፈቀፍቅ አየኋት፣ ካርዱ እጇ ላይ ቀጭ ብሎ ለሁለት ሲሰበር ሳቄም መጣ አንጀቴንም በላችኝ፣ ምክንያቱም እኔም እዛችው ቦታ ላይ ቆሜ ከዛ የባሰ ነገር ሰርቻለሁ።

ያለሁት ኮሎራዶ ነው፣ ኦሮራ፣ ከዴንቨር ጎን። የምሰራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፣ ሺፍቴ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት በኛ 12 ሰዓት ስለሚጀምር 11 ሰዓት ሲሆን ከቤት ወጥቻለሁ ማለት ነው፣ እዚህ ደግሞ ስኖው ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል አንዳንዴም ሜይ ድረስ ስለሚጥል የዓመቱን ግማሽ ቀኔ የሚጀምረው መስታወት በመፈቅፈቅ ነው። (ዊንተር እያልኩ የምጽፈው ክረምት ካልኩ ሐምሌና ነሐሴ ስለሚመጣባችሁ ነው። የኛ ውርጭ የሚመጣው በጋ ላይ፣ የነሱ ዊንተር ላይ፣ ነገሩ ሁሉ ግልብጥብጥ ነው።)

ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፣ እና በፈረንጅ 2016 ስመጣ ሰው ሁሉ "ብርዱን ትችይዋለሽ?" ሲለኝ እየሳቅኩ ነበር የማልፈው። ከፍታውማ ቢሆን የኛው ይበልጣል፣ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ነው፣ ዴንቨር 1,609 ሜትር ነው ያውም እሱን ነው "የአንድ ማይል ከተማ" እያሉ የሚኮሩበት። ህዳርና ታህሳስ ጠዋት ሳሩ ነጭ ሆኖ ሲያድር፣ ባቄላውን ውርጭ መታው ተብሎ ሰው ሲያዝን ነው ያደግኩት። ግን እኛ ቤት መኪና አልነበረም፣ ውርጭ ከመስታወት ጋር ምን እንደሚያደርግ በምን ልወቀው።

የመጀመሪያው ዊንተር ላይ አንድ ጠዋት ረፍዶብኛል፣ ኮሮላዬ ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆናለች፣ ስክሬፐር (የበረዶ መፈቅፈቂያ) የሚባል ነገር የለኝም፣ እና በጣም የገባኝ መስሎኝ ቤት ተመልሼ በሻይ ማፍያው ውሃ አፈላሁና ይዤ ወረድኩ። ማፍሰስ ስጀምር ደስ ይላል፣ ውርጩ ሙልጭ ብሎ ይሄዳል፣ እንፋሎቱ ይነሳል፣ "ሰው ለምን ይሄን አያደርግም" አልኩ በሆዴ። ከሹፌሩ በኩል ወደ ታች፣ ዋይፐሩ አካባቢ፣ ከሳምንታት በፊት ጠጠር መትቶት የቀረ የምስር ፍሬ የምታክል ምልክት ነበረች። ውሃው እሷ ጋ ሲደርስ "ጣ" የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ከዛ ስንጥቁ ዓይኔ እያየ ቀስ እያለ፣ የምር ቀስ እያለ ነው የሄደው፣ ወደ ላይ ወጣ፣ ታጠፈ፣ ተሳፋሪው በኩል ደርሶ ቆመ። ማፍያውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ጎረቤታችን ጋሼ፣ ድሮ ታክሲ ይነዱ የነበሩ፣ 20 ምናምን ዓመት እዚህ የኖሩ ሰውዬ፣ ከመኪናቸው ስኖው እያራገፉ ቀና ብለው አዩኝና "ልጄ፣ ሻይ ልታፈዪላት ነው?" አሉኝ።

መስታወቱን ለማስቀየር 380 ዶላር ወጣብኝ፣ ያኔ የኔ የስንት ቀን ደሞዝ ነበር። ጋሼ በኋላ እንዳስረዱኝ የፊት መስታወት ሁለት መስታወት ሆኖ መሃሉ ላይ ፕላስቲክ የተጣበቀበት ነው፣ ለዛ ነው ተሰንጥቆ የማይበታተነው፣ የጎኖቹ ግን እንደዛ አይደሉም፣ እነሱ ከሄዱ ተፈረካክሰው ነው የሚረግፉት። የቀዘቀዘ መስታወት ድንገት አንድ ቦታ ሲሞቅ የሞቀው ክፍል ሊሰፋ ይፈልጋል፣ ያልሞቀው አይለቅም፣ የጠጠር ምልክት ካለ ደግሞ መሰንጠቂያው ተዘጋጅቶለታል ማለት ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ደግሞ መንገድ እንዳያንሸራትት አሸዋና ጠጠር ስለሚበትኑ የጠጠር ምልክት የሌለው መኪና ማግኘት ራሱ ይከብዳል። ለብ ያለ ውሃስ የምትሉ ካላችሁ፣ እሱም ባይሰነጥቅ በበሩ ጎማ ውስጥ ገብቶ መልሶ ይበርዳል በሩን ያጣብቀዋል፣ መሬት ላይ የፈሰሰው ደግሞ እግራችሁ ስር መስታወት ይሆናል። ተዉት በቃ። እና ትንሽ የጠጠር ምልክት ካላችሁ ዊንተር ሳይገባ አስሞሉት፣ ከማስቀየር በጣም ይረክሳል።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ፣ ስራው ያለው ማታ ነው። ጠዋት 20 ደቂቃ የሚፈጅባችሁን ነገር ማታ 5 ደቂቃ ይጨርሰዋል፣ እኔ ይሄን ለማወቅ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ የሚገርመው ደግሞ ግማሹን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀው ነበር። ሀገር ቤት አባቴ ማታ ወጣ ብሎ ሰማዩን አይቶ ጥርት ካለና ኮከቡ ከበዛ "ዛሬ ውርጭ አለ" ይል ነበር፣ ደመና ካለ አይልም። እዚህም ያው ነው። ሰማዩ ክፍት ሲሆን መስታወቱ ሙቀቱን ወደ ላይ እየለቀቀ ከአካባቢው አየር የበለጠ ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ስልካችሁ 36 ፋራናይት (ወደ 2 ሴልሺየስ) እያለ መስታወታችሁ ውርጭ ሊይዝ ይችላል፣ አየሩ ላይ ያለው እርጥበት ሄዶ ውሃ ሳይሆን በቀጥታ በረዶ ሆኖ ይለጠፋል። ደመና ካለ፣ ዛፍ ስር ከሆነ፣ ጣሪያ ያለው ማቆሚያ ስር ከሆነ ግን ሙቀቱ እንደዛ አይሸሽም። ይሄ የገባኝ እኛ ፓርኪንግ ላይ ከትልቁ ዛፍ ስር የምታድረው መኪና ሁልጊዜ ጠዋት ግማሽ ጎኗ ንጹህ ሆኖ ሳይ ነው። ከዛ ወዲህ ስልኬ ላይ የማየው ዲግሪውን ብቻ ሳይሆን ሰማዩ ጥርት ይላል ወይ የሚለውንም ነው፣ ቦታ ከተገኘ ዛፉ ስር አቆማለሁ፣ ካልተገኘ ደግሞ ጠዋት ሰዓት የሚተርፋችሁ ከሆነ የመኪናውን ፊት ወደ ምስራቅ አዙሩት፣ ፀሐይዋ ቀድማ ታግዛችኋለች፣ የኮሎራዶ ፀሐይ ቀልድ አይደለችም። እኔ የምወጣው በጨለማ ስለሆነ ለኔ አይሰራም።

መሸፈን የሚለውንም ሞክሬያለሁ፣ እናቴ እስካሁን የምትስቅበት ታሪክ ነው። ሁለተኛው ዓመት ላይ ዩቲዩብ ላይ አንዱ መስታወቱን በጨርቅ ሸፍኑት ሲል አይቼ ያረጀ ጋቢ ነበረኝ እሱን አለበስኳት፣ በሮቹ ውስጥ ጫፉን አስገብቼ ዘጋሁት፣ በጣም ያምራል፣ ሙሽራ ነው የምትመስለው። ሌሊት ግን መጀመሪያ እርጥብ ስኖው ጣለ ከዛ ቀዘቀዘ፣ ጋቢው ውሃውን ጠጥቶ ጠጥቶ ደረቀና መስታወቱ ላይ እንደ ቆርቆሮ ተለጠፈ። ስስበው ክሩ እየተነቀለ መስታወቱ ላይ ይቀራል፣ ጭራሽ ውርጭ ሳይሆን ጋቢ መፈቅፈቅ ጀመርኩ። እናቴ ስልክ ላይ ስነግራት "ጋቢውን ለመኪና? እኔ ለአንቺ ብዬ ነው የላክሁት" ብላ ሳቋ አላቆመም። የምላችሁ ጥጥ ነገር፣ ፎጣም አንሶላም፣ አትጠቀሙ። ውሃ የማያስገባው የመስታወት መሸፈኛ አለ፣ ጆሮ ያለው በሩ ውስጥ የሚገባ፣ 20 ዶላር ገደማ ነው የገዛሁት፣ ለደረቅ ውርጭ በጣም አሪፍ ነው፣ ጠዋት ገፈፍ አድርጎ መኪናው ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ መጣል ነው። የኮሎራዶ ንፋስ ግን አንዱን ወስዶብኛል፣ የት እንደደረሰ አላውቅም።

ዋይፐር፦ መኪናውን ከማጥፋታችሁ በፊት ዋይፐሩን አጥፉት። ትንሽ ነገር ነው የምትመስለው ግን ዋይፐሩ እየሰራ ሞተር ካጠፋችሁ ጠዋት ስታስነሱ መስታወቱ ላይ በበረዶ የተጣበቀውን ነገር ሊጎትት ይሞክራል፣ ወይ የዋይፐሩ ጎማ ይቀደዳል ወይ ፊውዙ ይቃጠላል ወይ የዋይፐሩ ሞተር ይበላሻል። ባለቤቴ ፊውዙን አቃጥሏል፣ ስሙን አልጠራም ብዬው ነበር ስሙንማ አልጠራሁም። ዋይፐሩን ማታ ወደ ላይ ቀና አድርጎ ማሳደር ላይ ሰው ሁለት ነው፣ ጋሼ "ሁሌም ቀና አድርጊው" ይላሉ፣ እኔ ግን ስኖው ወይ የሚቀዘቅዝ ዝናብ ከመጣ ብቻ ነው የማነሳው፣ ንፋስ ከተባለ አልነካውም፣ ምክንያቱም ብረቱ በንፋስ ተመልሶ መስታወቱን ሲመታው እንደ ድንጋይ ነው።

ጠዋት ደግሞ የማደርገው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ (ብዙ ስኖው ከጣለ የጭስ ማውጫውን አይቼ) ሞተሩን አስነስቼ ዲፍሮስቱን፣ መስታወቱ ላይ ሙቅ አየር የሚነፋውን፣ እከፍታለሁ፣ ግን አየሩን መጀመሪያውኑ እስከ ጥግ አላሞቀውም፣ መሃል ላይ ጀምሬ ነው ከፍ የማደርገው፣ ከላይ የነገርኳችሁ የሻይ ማፍያ ታሪክ በውስጥ በኩልም ያው ነው። የኋላውንም እከፍታለሁ፣ የኋላው ሙቅ አየር አይደለም መስታወቱ ላይ የምታዩዋቸው ቀጫጭን መስመሮች በኤሌክትሪክ ይሞቃሉ። (ምልክቶቹን ለማታውቁ፣ የፊቱ ከላይ ጎበጥ ያለ ቅርጽ ነው፣ የኋላው አራት ማዕዘን ነው፣ ሁለቱም ላይ ወደ ላይ የሚወጡ ጠመዝማዛ ቀስቶች አሉ። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ አንዱን ብቻ ነበር የምጫነው።) እሱ እስኪሞቅ ከመኪናው አልርቅም፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ፣ ስኖው ካለ ከጣሪያው ጀምሬ አራግፋለሁ፣ ከታች ከጀመራችሁ ያጸዳችሁት ላይ ነው የሚወርደው። ጣሪያ ላይ ያለውን የሚተዉ ሰዎች አሉ፣ ፍሬን ሲይዙ ያ ሁሉ ክምር ተንሸራቶ የፊት መስታወታቸው ላይ ይወርዳል፣ ወይ ደግሞ በፍጥነት ሲሄዱ በርሮ ከኋላቸው ያለው ሰው ላይ።

ከዛ የምወዳት ጠርሙሴ ትመጣለች። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 ፐርሰንት የሚል አልኮል አለ አይደል፣ ቁስል የሚጠረግበት፣ እሱን ሁለት እጅ፣ ውሃውን አንድ እጅ አድርጌ መርጫ ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ከላይ ወደ ታች እረጫለሁ፣ አንድ ደቂቃ እተወዋለሁ፣ ውርጩ እንደ ተፈታ ስኳር ይሆናል፣ በስክሬፐሩ ያለ ጉልበት ይነሳል። አልኮሉ ውሃ በሚበርድበት ቅዝቃዜ ስለማይበርድ ነው የሚሰራው። በጣም የከፋ ቀን ላይ ውሃ ሳልጨምር ነው የምረጨው። ጠርሙሷ የምታድረው ቤት ውስጥ በሩ አጠገብ ነው፣ እሳት የሚይዝ ነገር ስለሆነ ሲጋራ የምታጨሱ ተጠንቀቁ፣ ልጆችም እንዳይደርሱበት። ወፍራም በረዶ ከሆነ፣ ማለቴ ዝናብ ዘንቦ የበረደ ከሆነ፣ ርጭቱ ብቻውን አይበቃውም፣ የስክሬፐሩ ጀርባ ላይ ጥርስ ጥርስ ያለው ነገር አለ በሱ መጀመሪያ ሰንጥሩት፣ ከዛ ርጩት፣ ጠብቁ፣ ከዛ ፋቁ። በስክሬፐር እንዳትመቱት። ብረት ነገር ደግሞ በጭራሽ፣ እኔ በድስት ማማሰያ ሞክሬ ያስቀረሁት ጭረት ጠዋት ፀሐይ ስታርፍበት ዓይኔን ይወጋኛል። ኮምጣጤ የሚሉም አሉ፣ ኮምጣጤ አብዛኛው ውሃ ነው፣ ከዜሮ ሴልሺየስ ትንሽ ዝቅ ሲል እሱ ራሱ ይበርዳል፣ መኪናውም ሰላጣ ሰላጣ ይሸታል። ጨውም አትበትኑ፣ ብረቱን ይበላዋል።

ከዛ ሁሉንም መስታወት፣ ሁሉንም። የሳህን ታህል ቀዳዳ ብቻ ፈቅፍቃችሁ በሷ አጮልቃችሁ አትንዱ። እኔ አድርጌዋለሁ፣ ሚሲሲፒ አቬኑ ላይ ወደ ምስራቅ እየሄድኩ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ወጣች፣ ያልተፈቀፈቀው ውርጭ በሙሉ በአንዴ ወርቅ ሆነ፣ ምንም ነገር፣ ምንም አይታየኝም፣ እግረኛ ይሁን ትራፊክ መብራት። ያቆመኝ ፖሊስ ጨዋ ሰው ነበር፣ ታንክ የምትነጂ ነው የምትመስይው ብሎ ተቆጥቶኝ እዛው አስፈቅፍቆኝ ለቀቀኝ። መብራቶቹንም አትርሱ፣ አዲሶቹ ኤልኢዲ መብራቶች እንደ ድሮዎቹ ስለማይሞቁ ስኖው አያቀልጡም፣ ተሸፍነው ነው የሚቀሩት እናንተም ይበራል ብላችሁ ትነዳላችሁ።

አሁን በጣም ወደ ፈራሁበት ቀን ልምጣ። ዲሴምበር 21፣ 2022 ነው፣ ዴንቨር አካባቢ የነበረ ሰው ያስታውሰዋል። ቀኑ ቀለል ያለ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ግን ብርዱ ከሰሜን በአንዴ ገባ፣ ኤርፖርቱ ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ42 ፋራናይት ወደ 5 ወረደ፣ 37 ዲግሪ ማለት ነው፣ በማግስቱ ደግሞ ከዜሮ በታች 24 ደረሰ (በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 31 ገደማ)። እኔ ኦቨርታይም ሰርቼ ልክ ብርዱ ሲገባ ነው የወጣሁት፣ 225 ሀይዌይ ላይ ነኝ፣ ከፊቴ ትራክ አለ፣ መንገዱ በረዶ እንዳይይዝ የሚረጩት ጨው፣ ማግኒዚየም ክሎራይድ፣ ከጭቃው ጋር ሆኖ እየተረጨ መስታወቴን ያቆሽሸዋል፣ እኔም እንደ ልማዴ ማጠቢያውን ሳብ አደረግኩ። ፈሳሹ ሐምሌ ላይ የገዛሁት ነበር፣ ብርቱካንማው፣ ነፍሳት የሚያስለቅቀው። ጋኑ ውስጥ ገና ስላልቀዘቀዘ በደንብ ተረጨ፣ መስታወቱን ሲነካ ግን ዋይፐሩ አንዴ ሄዶ እስኪመለስ ነጭ ሆነ። በቃ ግድግዳ። ዋይፐሩ በረዶው ላይ እየተንፈራጠጠ ነው፣ ቀኝ አላይ ግራ አላይ፣ ከኋላዬ መኪና አለ። መስኮቱን ከፍቼ ጭንቅላቴን አወጣሁ፣ ብርዱ ዓይኔን አስለቀሰኝ፣ ሀዛርድ አብርቼ መስመሩን ብቻ እያየሁ ቀስ እያልኩ ወደ ዳር ወጣሁ። "ማርያም ማርያም" ነበር የምለው፣ እጄ መቆም አልቻለም፣ ዲፍሮስቱ እስኪያቀልጠው ሩብ ሰዓት ያህል እዛው ተቀመጥኩ።

ስለዚህ እባካችሁ ኦክቶበር ሳይወጣ የማጠቢያውን ፈሳሽ ቀይሩ። ዕቃው ላይ ቁጥር አለ፣ የሞቃቱ ወቅት 32 ፋራናይት ይላል፣ ያ ማለት ልክ ውሃ በሚበርድበት ነው የሚበርደው። የዊንተሩ ከዜሮ በታች 20 ፋራናይት ይላል፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ነው፣ ግን ቀለሙን ሳይሆን ቁጥሩን አንብቡ። የድሮውን ረጭታችሁ ጨርሱና ነው አዲሱን የምትሞሉት፣ ላዩ ላይ ከጨመራችሁ ይቀጥናል፣ ውሃማ በጭራሽ አትጨምሩ። የዊንተሩንም ቢሆን ሙቅ አየሩ መስታወቱን ሳያሞቀው በፍጥነት እየነዳችሁ አትርጩት፣ ንፋሱ አልኮሉን አትንኖ ውሃውን ሊያበርደው ይችላል። እና አደራ፣ ሰማያዊው ሜታኖል የሚባል መርዝ አለበት፣ ለልጅ ጁስ ነው የሚመስለው፣ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

የውስጥ ውርጭ ደግሞ ለብቻው ጣጣ ነው። ውጪውን ጨርሳችሁ ስትገቡ አሁንም አይታይም፣ ትፍቃላችሁ ምንም የለም፣ ለካ ውርጩ ከውስጥ ነው። ይሄ የሚመጣው ከራሳችሁ ነው፣ ጫማችሁ ላይ ይዛችሁት የገባችሁት ስኖው ምንጣፉ ላይ ቀልጦ፣ ትንፋሻችሁ ተጨምሮበት፣ ሌሊት መስታወቱ ላይ ወጥቶ ይበርዳል። እኛ ሀበሾች ደግሞ ሌላም አለን፣ እሁድ ለማህበር ትኩስ ወጥ በድስት ከነ እንፋሎቱ፣ ትኩስ እንጀራ በመሶብ፣ አራት ሰው እያወራ፣ መኪናው ሳውና ይሆናል ሰኞ ጠዋት ዋጋችሁን ታገኛላችሁ። መፍትሄው ስትገቡ መጀመሪያ ተቀመጡና እግራችሁን ውጪ አድርጋችሁ ጫማችሁን አጋጩት። ምንጣፉን የጎማ አድርጉት፣ በየቀኑ አውጥታችሁ ድፉት። ቤት ልትደርሱ ሲል መስኮቱን ትንሽ ከፍታችሁ የሞቀውን እርጥብ አየር አስወጡት፣ ይበርዳል አውቃለሁ፣ ሁለት ደቂቃ ነው። አየሩን ከውስጥ ለውስጥ የሚያዞረው ቁልፍ አለ፣ መኪና ውስጥ የታጠፈ ቀስት ያለበት፣ እሱ መጥፋት አለበት፣ እኔ ቶሎ ይሞቃል ብዬ ሁሌ አበራው ነበር ለካ የራሴን ትንፋሽ ነው መልሼ መስታወቱ ላይ የምረጨው። ከሂተሩ ጋር ኤሲውን ማብራት ደግሞ ሰው ሲሰማ ይስቃል፣ ባለቤቴ "በዚ ብርድ ኤሲ? ደህና ነሽ?" ነበር ያለኝ፣ ግን ኤሲው አየሩን ያደርቀዋል፣ ጉሙ ወዲያው ነው የሚጠፋው። የድመት አሸዋ ካልሲ ውስጥ ሞልቶ ቋጥሮ ዳሽቦርድ ላይ ማሳደርም ትንሽ ያግዛል፣ ተአምር ግን አትጠብቁ። የውስጡን መስታወት በሃርድ ስክሬፐር አትንኩት፣ በተለይ የኋላውን፣ እኔ ከመስመሮቹ አንዱን ቆርጬዋለሁና እስካሁን ያቺ መስመር ያለችበት ብቻ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ቅድም ከመኪናው አልርቅም ያልኩት፣ ኮሎራዶ ውስጥ መኪና አስነስቶ ሰው ሳይኖርበት ትቶ መሄድ ክልክል ነው፣ ጠዋት ጭሱ ቡፍ ቡፍ ስለሚል ፓፈር ነው የሚሏቸው እንደዛ የተተዉ መኪኖችን። ከሩቅ በሪሞት የሚነሳ ከሆነ ይፈቀዳል፣ ምክንያቱም ያለ ቁልፉ ሊነዳ አይችልም። ቅጣቱን ተዉት፣ ሌባው ነው፣ እኛ ህንጻ ላይ አንድ ልጅ ቡና ልጠጣ ብሎ ገብቶ ሲወጣ ባዶ ቦታ ብቻ ጠብቆታል፣ ውርጩም የለ መኪናውም የለ። ሌላው ከሁሉ የሚበልጠው፣ ብዙ ስኖው ከጣለ ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ወደ ኋላ ሄዳችሁ የጭስ ማውጫውን እዩት፣ ከተደፈነ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ይገባል፣ አይሸትም አይታይም፣ ሰው ይገድላል። ልጆችን "እዚህ ሞቅ ይበላችሁ" ብላችሁ ውስጥ አስቀምጣችሁ እናንተ ውጪ የምታራግፉ ከሆነማ መጀመሪያ እሱን። ጋራዥ ያላችሁም (እለፉት ብያችሁ ነበር ግን ካላችሁ) በሩ ተዘግቶ መኪና አታሙቁ፣ ተከፍቶም ቢሆን አውጥታችሁ ውጪ ነው።

በሩ አልከፈት ካለ አትጎትቱት፣ እጀታው ይነቀላል፣ በሰውነታችሁ ወደ ውስጥ ገፋ ገፋ አድርጉት በረዶው ይሰበራል፣ ካልሆነ በሌላኛው በር ግቡ፣ እኔ በኋላ በር ገብቼ በወንበሮቹ መሃል ተሾልኬ ዩኒፎርሜን ቀድጄ ስራ የሄድኩበት ቀን አለ። ኖቬምበር ላይ የበሩን ጎማ ዙሪያውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ ሲሊከን ስፕሬይ ቀቡት፣ ከዛ በኋላ አይጣበቅም። ቁልፍ ማስገቢያው ከበረደ ደግሞ ቁልፉ ላይ የእጅ ሳኒታይዘር አድርጋችሁ አስገቡት፣ ያው አልኮል ነው።

ስክሬፐሩን ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አታስቀምጡ፣ የሱም በር የሚበርድ ቀን ይመጣል። እኔ ሁለት አለኝ፣ አንዱ ከወንበሬ ስር፣ አንዱ ቤት ከጠርሙሷ ጋር። ለጓንት ደግሞ የጋሼ ዘዴ ነው ያለው፣ ቀጭን የሱፍ ጓንት ከውስጥ፣ ከላይ ቢጫው የሳህን ማጠቢያ ጓንት፣ አንድ ቁጥር ተለቅ ያለ። ሱፉ ያሞቃል ፕላስቲኩ ውሃ አያስገባም፣ ጣታችሁም እንደልብ ይታዘዛል፣ ከ40 ዶላሩ የስኪ ጓንት ይሻላል። ሰፈር ውስጥ በጨለማ ቢጫ እጅ ያላት ሴት መኪና ስትፈቀፍቅ ካያችሁ እኔ ነኝ፣ ሰላም በሉኝ።